የልጅ እጅ የነካው ሙልሙል

ነሐሴ 12 ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ አባርቷል። ከሮቢ ወንዝ ማዶ ያለው የማሽላ ማሳ ታጥቦ ያበራል፤ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ግን ዝናብ ዘነበ ተብሎ የሚሸሽ አይደለም። በተከራየሁበት ቤት ግቢ ውስጥ ሦስት ልጆች እስከ ክርናቸው ድረስ ዱቄት ለብሰዋል። ትልቋ በወንፊት ትነፋለች። ወንድሟ ለብ ያለ ውሃ በጣሳ ይዞ ተራውን ይጠብቃል። ገና አራት ዓመት ያልሞላው ትንሹ ደግሞ ከሊጡ ቆንጥሮ አይጥ የሚመስል ነገር ሠርቶ በኩራት ያሳያል። የልጆቹ አያት፣ እኔን ያከራዩኝ እመቤት፣ ከምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው «ሥራህስ ጥሩ ነበር፤ በል አሁን እጅህን ታጠብ» ይሉታል።

ነገ ቡሄ ነው። አንባብያን እንደምታውቁት ቡሄ፣ ማለትም የደብረ ታቦር በዓል፣ ነሐሴ 13 ቀን ይከበራል። አበው ሲተርኩ፣ ጌታ በታቦር ተራራ ብርሃኑን በገለጸ ጊዜ በአካባቢው የነበሩት እረኞች ሌሊቱ ቀን መስሏቸው ከመንጋቸው ጋር በዱር ቆዩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ ይላሉ። ችቦውም ሙልሙሉም የዚያ መታሰቢያ ነው። የጅራፉ ጩኸትም ከደመናው የተሰማውን ድምፅ ያስታውሳል ይባላል።

እንግዲህ ሙልሙል ከጥንት ጀምሮ ለልጅ የሚሰጥ ዳቦ ነው። የክርስትና አባትና የክርስትና እናት ለክርስትና ልጃቸው ይልካሉ፤ ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ለሚጨፍሩ ወንዶች ልጆችም ይሰጣል። እኔ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን ልጆች ራሳቸው ጋግረው ለሌላ ሰው ስለሚሰጡት ሙልሙል ነው። በዚህ ግቢ ያየሁት ይኸንኑ ነውና።

የተወለድኩት በደብረ ብርሃን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ትምህርቴን ፈጽሜ የኬሚስትሪ መምህር ሆኜ ወደዚህ ስመደብ እናቴ ጋቢ አሸክማኝ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ደብረ ብርሃንን ካለፈ በኋላ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ወደ ጣርማ በር ይደርሳል። በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተሠራውን ዋሻ አልፎም እየተጠማዘዘ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ላይ ናት። መንገደኛው ጣርማ በር ላይ በጉም ውስጥ ተጀቡኖ የነበረውን ጋቢ ደብረ ሲናን ሲያልፍ ይገፈዋል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል።

የምግቡም ነገር እንዲሁ ነው። ደጋው የገብስና የስንዴ አገር ሲሆን የይፋት ቆላ ግን የማሽላ፣ የጤፍ፣ የማሾና የሽንኩርት አገር ነው። ስለዚህ የሙልሙሉ ስንዴ ከደጋ ይወርዳል፤ የቆላው ሽንኩርትና ማሾ ወደ ደጋ ይወጣል። አንዲት ሙልሙል እንኳ ሁለቱን አገር ሳታገናኝ አትጋገርም ማለት ነው።

በመጣሁበት ዓመት ለቡሄ እኔም የበኩሌን ለማድረግ ፈለግሁ። ከእናቴ እንዳየሁት ሊጡን ማታ አቡክቼ፣ ቡሃቃውን በጋቢዬ ጠቅልዬ ተኛሁ። በደብረ ብርሃን የነሐሴ ብርድ ሊጥ እስኪነሣ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃልና። ጧት ስነሣ ሊጡ ከቡሃቃው ገንፍሎ፣ ጋቢዬን አበላሽቶ፣ ኩፍ ማለቱንም ትቶ ተመልሶ ወርዷል፤ ሽታው ሆምጣጤ ነው። አከራዬ አይተው እስኪያነቡ ሳቁ። በኋላም «መምህር፣ ሊጡ አገሩን አላወቀም። እዚህ ሊጥ አይተኛም» አሉኝ።

ነገሩ ሳስበው በክፍል ውስጥ በየዓመቱ የማስተምረው ነበር። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው። በዱቄቱ ውስጥ ያለውን ስኳር እየበላ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙም በሊጡ ውስጥ ታፍኖ ሊጡን ያነሣዋል። ሙቀት ሲያገኝ ሥራውን ያፋጥናል፤ ብርድ ሲያገኝ ያዘገያል። ጊዜው ሲያልፍ ደግሞ አብረውት ያሉት ሌሎች ረቂቃን ሕያዋን አሲዱን ያበዙትና ሊጡ ይኮመጥጣል። ይኸን ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ፈተና አውጥቼበታለሁ። ከቡሃቃ ፊት ስቀርብ ግን አንዲት ፊደል ያልቆጠሩ እመቤት በለጡኝ። ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ ስለ እርሾ የማስተምረው ከጋቢዬ ታሪክ ጀምሬ ነው፤ አንድም ልጅ አይረሳውም።

ቤት ውስጥ ለመሞከር ለሚፈልጉ እናቶችና አባቶች የአከራዬን አሠራር እነሆ። 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት ይነፋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይገባበታል። ለብ ያለ ውሃ፣ ሦስት ብርጭቆ ያህል፣ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ይቦካል። ቡሄ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሚውል ቅቤም ወተትም እንቁላልም አይገባበትም። እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ድረስ ከታሸ በኋላ ይከደናል። በቆላ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃዋል፤ በደጋ ግን እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ መጠበቅ ያሻል። ሰዓት ከመቁጠር ይልቅ ሊጡን ማየት ይሻላል፤ መጠኑ እጥፍ ሲሆን ደርሷል።

ከዚህ በኋላ ሊጡ ለአሥራ ሁለት ይከፈልና እያንዳንዱ በሁለት እጅ መካከል እየተድቦለቦለ ሞላላ ቅርጽ ይይዛል። አከራዬ ምጣዱን በጎመን ዘር ካሰሱ በኋላ የሙዝ ቅጠል ያነጥፉበታል፤ ሙዝ በዚህ አገር ከደጅ አይጠፋም። ሙልሙሉ ይደረደርና አክንባሎ ይደፋበታል። እሳቱ መካከለኛ ይሁን። አንደኛው ወገን ሲበስል ይገለበጣል። መብሰሉ የሚታወቀው ጀርባውን በጣት ሲያንኳኩት እንደ ባዶ ቅል ሲጮህ ነው። ትንሹ ልጅ ከሥራው ሁሉ የሚወደው ይኸን ማንኳኳት ነው፤ «ቤቶች!» እያለ ያንኳኳል።

ለልጆቹ የሥራ ድርሻ መስጠት ጥበብ ይፈልጋል። እሳቱና ምጣዱ የትልቅ ሰው ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። መንፋት፣ ውሃ መጨመር፣ ማድቦልቦልና ቅጠል ማጠብ ግን የልጆች ነው። አከራዬ የሚያደንቃቸው ልማድ አላቸው። ልጅ ያበላሸውን ሙልሙል መልሰው አያቀኑም። የተጣመመው ተጣሞ ይጋገራል። «ብናቀናበት የእኔ ይሆናል እንጂ የእሱ አይሆንም» ይላሉ።

በዚህ ቤት ወንዱ ልጅም እንደ እኅቱ ይሠራል። አንድ ቀን የመጡ እንግዳ «ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ይሠራል?» ብለው ቢጠይቁ፣ አከራዬ «ወንድ ልጅ አይርበውም እንዴ?» ብለው መለሱላቸው። እኔም ይኸን ሳልማር ማደጌ ያሳፍረኛል። ጋቢዬ ምስክር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ዳቦው ከምጣድ ሲወርድ የሚቀረው ሥራ ማደል ነው፤ ማደሉም የልጆቹ ነው። ለየትኛው ቤት ስንት እንደሚሄድ የሚቆጥሩት እነሱ ናቸው፤ ሰሃኑን ተሸክመው የሚሄዱትም እነሱ ናቸው። ባለፈው ዓመት በቡሄ ዋዜማ ያየሁትን ልንገራችሁ።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ አከራዬ እንደ ብዙዎቹ ልጆቹን ይዘው ወደ ደብረ ብርሃን ሸሹ። የቤታቸውን ቁልፍ የሰጡት ከአጥሩ ማዶ ላሉት ሙስሊም ጎረቤታቸው ነበር፤ እሳቸው አልጋ ላይ የነበሩ እናታቸውን ትተው መሄድ አልሆነላቸውም ነበርና። አከራዬ ሲመለሱ በሩ ተሰብሯል፤ የኤሌክትሪክ ምጣዳቸው የለም። ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ጎረቤትየዋ «እኔ ከደጁ ቆሜ ማንን ልመልስ?» አሉ። አከራዬም «እርስዎን ምን አልኩ?» አሉ። በቃ፣ ከዚህ የበለጠ አንድም ክፉ ቃል አልተነገረም። ሰላምታውም አልተቋረጠም። የተቋረጠው ሰሃኑ ነው። ቀድሞ በአጥሩ ላይ ሲመላለስ የነበረው ሰሃን ቆመ።

ይኸ ለሩቅ ሰው ትንሽ ነገር ይመስለዋል። ይፋት ክርስቲያንና ሙስሊም፣ አማራና አርጎባ ለብዙ መቶ ዓመታት ጎን ለጎን የኖሩበት አገር ነው፤ በ13ኛው መቶ ዓመት የተነሣው የወላስማዎች ሱልጣኔት ስሙን የወሰደው ከዚሁ አገር ነው። ሁለቱ ወገኖች ሥጋ አይጋሩም፤ እያንዳንዱ የየራሱን እርድ ይበላል፤ በድግስም ለሌላው ወገን ለብቻው ይታረዳል። ዳቦ፣ ንፍሮና ቡና ግን ሃይማኖት አይጠየቁም። በሁሉም ደጅ ይገባሉ። በረመዳን ጊዜ ከሙስሊሙ ቤት ሳምቡሳ ይመጣል፤ ምስሩን በሊጡ ውስጥ እያደረጉ ሦስት ማዕዘን አድርገው የሚያጥፉትም ከእናቶቻቸው ጋር የተቀመጡ ልጆች ናቸው። በቡሄ ሙልሙል ይሄዳል። ሰሃን ባዶውን አይመለስም የሚለውን ልማድ ሁሉም ያውቀዋል። ስለዚህ ሰሃን ቆመ ማለት ብዙ ነገር ቆመ ማለት ነው።

ያን ዕለት ማታ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅ ሙልሙሎቹን በሰፌድ ላይ ደርድሮ በጣቱ ይቆጥር ጀመር። «ይኼ ለክርስትና እናቴ። ይኼ በር ላይ ጫማ ለሚሰፉት አባባ። ይኼ ለመምህር። ይኼ ለማዶ ቤት።»

አያቱ በምጣዱ ላይ እንዳጎነበሱ ቀሩ። የማዶ ቤቷ ልጅ በትምህርት ቤት ከእሱ ጋር በአንድ ዴስክ እንደምትቀመጥ፣ በረመዳንም በአጥሩ ቀዳዳ ሳምቡሳ እንደሰጠችው ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። እሱ ብድሩን እየቆጠረ ነው እንጂ ስለ ምጣዱ ነገር የሚያውቀው የለም።

ጥቂት ቆይተው አያቱ «የተጣመመውን አትውሰድላቸው» አሉት።

«እምዬ፣ እኔ የሠራሁት እኮ እሱ ነው» አለ።

አከራዬ ምንም አልመለሱም። ከምጣዱ ገና የወረደ፣ ቀይ ሆኖ የበሰለ አንድ ሙልሙል አንሥተው ከተጣመመው በላይ አስቀመጡበት፤ ንጹሕ ጨርቅም አለበሱት። ልጁ በቀዳዳው አልሄደም፤ ዞሮ በዋናው በር ገባ። ባዶ እጁን ተመለሰ። ሰሃኑ እዚያው ቀረ። ያን ሌሊት ችቦ ሲበራ፣ ልጆች ሲጨፍሩ አከራዬ ሁለት ጊዜ ወደ አጥሩ ሲያዩ አይቻለሁ።

በአራተኛው ቀን ልጅቷ ሰሃኑን ይዛ መጣች። የተቀቀለ የበቆሎ እሸት ሞልቶበታል፤ ገና ይጤሳል። «እናቴ ‹ሁለቱም ጥሩ ነበሩ፤ የተጣመመው ግን ይበልጥ ጣፈጠን› ብላለች» አለች። አከራዬ እሸቱን ተቀብለው፣ ጨው በርበሬ አምጥተው፣ ልጅቷን አስቀምጠው አብረው በሉ።

የምጣዱ ነገር እስከ ዛሬ ድረስ አልተነሣም። ምናልባትም አይነሣም። አከራዬ አሁንም የሚጋግሩት በሸክላ ምጣድ፣ በእንጨት ነው። ሰሃኑ ግን መመላለስ ጀምሯል። ዘንድሮ ልጁ ሲቆጥር «ይኼ ለማዶ ቤት» ባለ ጊዜ ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

አንዳንድ አንባቢ «ይኸ ሁሉ ድካም ለምን? ዳቦ ከዳቦ ቤት ይገዛ፤ ለሚጨፍሩትም ገንዘብ ይሰጥ» ይል ይሆናል። በእርግጥም በከተሞች ሆያ ሆዬ ለሚሉ ልጆች ገንዘብ መስጠት የተለመደ ሆኗል፤ ሥራ የበዛባትን እናት በዚህ የሚወቅስ ሰው የለም። ገንዘቡን የሚቀበል ልጅ ግን የሚማረው መቀበልን ብቻ ነው። የጋገረ ልጅ ዱቄቱ ስንት ጊዜ እንደተነፋ፣ አያቱ በጭስ እንዴት እንዳለቀሱ ያውቃል። ሰሃኑን ተሸክሞ ሲሄድ የሚሰጠውን ነገር ዋጋ ያውቃል። ያ ልጅ የተጣመመችውን ሙልሙል በኩራት የሰጠው ስለዚህ ነው። ከዳቦ ቤት ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ ለማዶ ቤት የሚቆጥረው «የእኔ» የሚለው ዳቦ ባልነበረው ነበር።

በእጅ የተሠራ ስጦታ የድኻ ቤት ነገር ነው ብሎ የሚያፍር ካለም ይሳሳታል። ጀርመን ባለጠጋ አገር ናት፤ በየሱቁም ጣፋጭ ሞልቷል። ይሁንና የልደት በዓል ሲቃረብ በብዙ የጀርመን ቤቶች እናትና አባት ከልጆቻቸው ጋር ሆነው በኮከብና በጨረቃ ቅርጽ ብስኩት ይጋግራሉ፤ በቆርቆሮ ሣጥን አድርገውም ለዘመድና ለጎረቤት ይሰጣሉ። የሚገዙበት ገንዘብ ስላጡ አይደለም። ከልጆቻቸው ጋር የሚያሳልፉትን ያን ማታ ከሱቅ ስለማያገኙት ነው።

ለእኛ ደግሞ ጊዜው የተመቸ ነው። ከቡሄ እስከ ዕንቁጣጣሽ 23 ቀን አለ፤ ጳጉሜ ስድስት በምትሆንበት ዘመን ደግሞ 24። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ልጆችም ቤት ናቸው። ከቡሄ በፊት ወንዶቹ ከቃጫ ጅራፍ ይገምዳሉ። ከቡሄ በኋላ ወረቀት ይዘው ይቀመጡና ለመስከረም 1 ቀን ጧት የሚያድሉትን ሥዕል ይሥላሉ፤ አበባ፣ ፀሐይ፣ መልአክ። ሴቶቹ ልጆች አበባየሆሽ ይለማመዳሉ፤ አደይ አበባና ለምለም ሣር የሚለቀምበትን ቦታም ይማከራሉ። የታተመ ካርድ ከገበያ ገዝቶ መስጠት ይቀላል፤ ነገር ግን ልጅ በሣለው ሥዕል ላይ መልአኩ ስድስት ጣት ቢኖረው እንኳ ሰው አይጥለውም። በአከራዬ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፉት ሥዕሎች እኔ ከመጣሁ ወዲህ ብቻ ከአሥር በላይ ሆነዋል። አንዱ የማዶ ቤቷ ልጅ ሥዕል ነው።

ስለዚህ ወላጆችን አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። በዚህ ክረምት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቡሃቃውን ለልጆቹ አውርዱላቸው። ዱቄት ይፈሳል፤ ልብስ ይቆሽሻል፤ ሙልሙሉም ይጣመማል። አታቅኑት። ሲበስል ደግሞ «ለማን እንስጥ?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ የሚጠሩትንም ስም በጥሞና አድምጡ። ትልልቆቹ የተውነውን ቤት ሊጠሩ ይችላሉ።

ይኸን እየጻፍኩ ሳለሁ ትንሹ ልጅ በሬን አንኳኳ። በሁለት እጁ የያዘው ሙልሙል ጅራትና ሁለት ጆሮ አለው። «ጋሼ፣ ይኼ የአንተ ነው» አለኝ። በትኩሱ በላሁት።